ሽማግሌዎቹ የቆሙበት ወለል

«አፍሽ እንደ ቀለምሽ ቶሎ ቢደርቅ ኖሮ ይሄኔ የራስሽ ሎጅ ይኖርሽ ነበር» አሉኝ እትዬ፣ ሁለት እጃቸውን ወገባቸው ላይ ጭነው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

«ቀለም አይደለም፣ ዘይት ነው» አልኳቸው። «እሱም ቢሆን ቶሎ አይደርቅም።»

እንዲህ የተባባልነው ከተዋወቅን ሩብ ሰዓት እንኳን ሳይሞላን ነው። እትዬ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያለ የአንድ ሎጅ ባለቤት ናቸው። እኔ ደግሞ ከናዝሬት በጠዋቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ባልዲዬን ጉልበቴ ላይ፣ ብሩሾቼን ባልዲው ውስጥ አድርጌ የመጣሁ የእንጨት ሠራተኛ ነኝ። ጥፋቴ፣ ወለላቸውን ሲያሳዩኝ «ይሄን ምስኪን ማነው እንዲህ የበደለው?» ብዬ መጠየቄ ነው። ለካ የበደሉት እሳቸው ኖረዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ጠብታ ዘይት አልነካውም።

ወለሉ ከምግብ ቤቱ በር ጀምሮ ወደ ሐይቁ የተዘረጋ ሰፊ የሳንቃ መድረክ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶች «ዴክ» ይሉታል። የወጥ ቤቱ ሴቶች «መድረኩ» ይሉታል። ዘበኛው አባባ ግን ከሩቅ ሲያዩት የግዙፍ ሰው አልጋ ስለሚመስላቸው «አልጋው» ነው የሚሉት። ሲሠራ ቡናማ ነበር አሉ። እኔ ስደርስ አመድ መስሎ፣ እዚህም እዚያም ተሰነጣጥቆ፣ ላዩ ላይ የአባ ኮዳ ኩስ እንደ ኖራ ተለጥፎበት ነበር። አባ ኮዳ ያ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ ነው፤ ዝዋይ ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን አንጀት እየለቀመ ይኖራል። ጥቁር ካፖርት እንደለበሰ ሽማግሌ እጁን ወደኋላ አጣምሮ የሚቆም ነው የሚመስለው።

ስለራሴ ትንሽ ልበል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባኝ ሲቀር፣ ናዝሬት ውስጥ ያልሞከርኩት ሥራ የለም ማለት ይቻላል። የሞባይል ሽፋን የሚሸጥበት ሱቅ ሁለት ወር ቆየሁ፤ ደንበኛው «ኦርጅናል ነው?» ሲለኝ «አይደለም» ስላልኩ ተባረርኩ። ጁስ ቤት ሦስት ሳምንት ቆየሁ፤ እዚያ ደግሞ ማንጎው የትናንት መሆኑን የተናገርኩት ማንም ሳይጠይቀኝ ነው። እናቴ «አንቺ የተቀመጥሽበት ወንበር ሁሉ እሾህ ያበቅላል» ትለኛለች። በመጨረሻ ሰፈራችን ያለው እንጨት ቤት ገባሁ፤ እዚያ ሁለት ዓመት ቆየሁ። ራሴም ገርሞኛል። እንጨት ደስ ይላል። ብትዋሺው ያጋልጥሻል እንጂ አይቀየምሽም።

አሠሪዬን ጋሼ ነው የምላቸው። ጋሼ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለት ነገር ብቻ ነው ያሠሩኝ፦ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግና ብሩሽ ማጠብ። የመጨረሻውን እጅ ራሳቸው ናቸው የሚያሳርፉት። ያኔ እኔ ሻይ አምጪ እባላለሁ። የዝዋዩ ሥራ የመጣ ጊዜ ግን ሻሸመኔ ሌላ ትልቅ ሥራ ይዘው ስለነበር አማራጭ አልነበራቸውም።

«ብቻሽን ትሄጃለሽ» አሉኝ። «ይሄን ወለል ካሳመርሽው፣ እትዬ የሎጃቸውን የአሥራ ሁለቱንም ቤቶች በረንዳ በየዓመቱ ላንቺ ሊሰጡሽ ተነጋግረናል። በራስሽ ስም፣ የራስሽ ሥራ ይሆናል። ካበላሸሽው ተመልሰሽ ብሩሽ ታጥቢያለሽ።»

ከዚያ የተልባ ዘይቱን ጣሳ እጄ ላይ አስቀመጡና ጣታቸውን ቀሰሩ። የተልባ ዘይት አፍልተው፣ ቡናማ ቀለም ጠብ አድርገውበት፣ ራሳቸው የሚያዘጋጁት ነው።

«ቀቢ። አንድ ሻይ ጠጥተሽ እስክትጨርሺ ጠብቂ። ከዚያ እንጨቱ ያልጠጣውን ሁሉ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ። ሰማሽ? ጥረጊ።»

«ሰምቻለሁ» አልኩ። ሰምቼም ነበር።

ማክሰኞና ረቡዕ ወለሉን በበረኪናና በዱቄት ሳሙና ፈገፈግኩት። አባ ኮዳዎቹ ሐይቁ ዳር ተሰልፈው እንደ ተቆጣጣሪ ያዩኛል። ሐሙስ ከሰዓት ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ላግኩት። ዘበኛው አባባ በየመሐሉ እየመጡ «ኢንተላ፣ ፈያዳ?» ይሉኛል፤ «ልጄ፣ ደህና ነሽ?» ማለታቸው ነው። «ፈያ ነኝ አባባ» እላለሁ፣ አፌ በእንጨት ዱቄት ተሞልቶ። ቆሻሻው ሲነሳ እንጨቱ ከሥር እንደ አዲስ ዳቦ ቀላ ብሎ ወጣ። እትዬ እንኳን ከምግብ ቤቱ በር ላይ ሆነው አንድ ጊዜ «እም» አሉ። ከእሳቸው አፍ «እም» መውጣቱ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

እትዬ ወለሉ ቶሎ እንዲያልቅ የቸኮሉበት ምክንያት ነበራቸው። እሑድ ሽማግሌ ሊመጣ ነበር። እንግዳ መቀበያው ላይ የምትሠራውን ልጃቸውን የአርሲ ነገሌ የእህል ነጋዴ ልጅ ሊጠይቃት ነው። ልጅቷ የእኔ እኩያ ናት፤ ልጁን ሁለት ዓመት ጠብቃዋለች።

«እህቴ፣ ሐይቁ እየታያቸው ነው እንዲቀመጡ የምፈልገው» አለችኝ። «ሲመቻቸው ክፉ ነገር አይናገሩም።»

«ይመቻቸዋል» አልኳት። «ከዚህ ወለል ላይ መነሳት አይፈልጉም።»

ይሄን በማለቴ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ሐሙስ ማምሻውን የመጀመሪያውን ዘይት ቀባሁ። ቀለሙ! ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ስታዘቀዝቅ ወለሉ እንደ ማር አበራ። ሻይ አዘዝኩ፣ ጠጣሁ፣ ጨርቄን አነሳሁ። እንጨቱ ያልጠጣው ዘይት ላዩ ላይ ተኝቶ ያብለጨልጫል። ጨርቁን ይዤ ቆምኩ።

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። እኔ ያደግኩት፣ እናቴ ፓስቲ የጠበሰችበትን ዘይት አቀዝቅዛ፣ በማጥለያ አጥልላ፣ ወደ ጠርሙሱ ስትመልስ እያየሁ ነው። ድስቱ ጠርዝ ላይ የቀረችውን ጠብታ በሽንኩርት ጠርጋ ወጥ ውስጥ የምትጨምር ሴት ናት። በዚህ አገር ዘይት በጨርቅ ጠርጎ የሚጥል ሰው አለ? ያውም የተልባ ዘይት? ጋሼ ሀብታም ስለሆኑ ነው ብዬ አሰብኩ። እንጨቱም ቢሆን ሦስት ዓመት ጠምቶት የኖረ ነው፤ አሁን ባይጠጣው ሌሊት ይጠጣዋል። ጨርቁን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ዓርብ ጠዋት ደግሞ፣ ለፍቅር ብዬ፣ ሁለተኛ ደረብኩበት።

ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ ወለሉ ጢም አብቅሏል። የሐይቁን ትንኝ የማያውቅ ካለ፦ እንደ ደመና ነው የሚመጣው። ያ ሁሉ ደመና ወለሉ ላይ አርፎ እዚያው ቀርቷል። በመሐል ደግሞ አንድ አባ ኮዳ ከዳር እስከ ዳር ተንሸራሽሮ፣ ሦስት ጣት ያለው እግሩን እንደ ማህተም እያተመ አልፏል። አባባ ጎንበስ ብለው በሌባ ጣታቸው ነኩት። ጣታቸው ሲነሳ ክር ተከትሎት ተነሳ።

«ሂን ጎግኔ» አሉ። አልደረቀም ማለት ነው።

«አይቻለሁ አባባ።»

«ይሄ የተሰበረ ማድጋ ይለጥፋል።»

ለጋሼ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ዘይቱ አልደረቀም። የተበላሸ ተልባ ሰጥተውኝ ይሆን እንዴ?»

«ጠረግሽው?»

«ምኑን?»

ስልኩ ውስጥ የሻሸመኔ መኪና ጥሩምባ ጮኸ።

«አንቺ ልጅ» አሉ ጋሼ። «ብሩሾቹ እዚህ እየጠበቁሽ ነው።»

«መላ የለውም?»

«አኳራጅ ግዢ። ጨርቅ ንከሪ። አንድ በአንድ ሳንቃውን እያሸሽ አንሺው። ለብቻሽ ሁለት ቀን ይፈጃል። ሽማግሌዎቹ መቼ ነው የሚመጡት?»

«ነገ አራት ሰዓት።»

«እንግዲያው እኔን ምን ታወሪያለሽ!» ብለው ዘጉብኝ።

አኳራጅ፣ ያ ቀለም የሚያቀጥን ሽታው አፍንጫ የሚበጥስ ነገር፣ ዝዋይ ከተማ ሦስት ሱቅ ዞሬ አገኘሁት። ቅዳሜን ሙሉ አሸሁ። እሑድ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አባባ አሮጌ ጋቢያቸውን ቀደው አገዙኝ። ልጅቷም ለሽማግሌው ቀን ያስጠቀለለችውን ፀጉሯን በሻሽ አስራ ተንበረከከች። ለእትዬ የነገራቸው የለም። እኔ እንኳን አልተናገርኩም፤ ምን ያህል እንደፈራሁ ከዚህ እወቁ።

የጀመርኩት ከሐይቁ ጫፍ ነው። ወንበሮቹ የሚደረደሩት እዚያ ስለሆነ፣ ሽማግሌዎቹ በሩ አካባቢ ያለውን ቶሎ ቶሎ ተራምደው ያልፉታል፣ ደረቁ ላይ ሄደው ይቀመጣሉ፣ በቃ፣ ብዬ አሰብኩ። የማላውቀው ነገር ሽማግሌ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ነው። እኛ ቤት ሽማግሌ መጥቶ አያውቅማ።

ግማሹን እንኳን ሳንጨርስ፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀድሞ፣ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። ልጅቷ ጨርቁን ጥላ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች። አባባ ወደ ግቢው በር ሮጡ። እኔ ባልዲዬን ይዤ ከምግብ ቤቱ ምሰሶ ጀርባ ገባሁ።

ሦስት ናቸው። ከፊት የሚሄዱት ትልቁ ሽማግሌ ከዘራ ይዘዋል፣ ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፣ ማሰሪያ የሌለው ቡናማ ጫማ አድርገዋል። ሁለተኛው ወፍራም ናቸው፣ ጥቁር ጫማቸው ያብረቀርቃል። ሦስተኛው ሰንደል ጫማ ነው ያደረጉት። እትዬና ከሞጆ የመጡት ታላቅ ወንድማቸው በሐይቁ ዳር ዞረው መጡና ሐይቁ ጫፍ ካሉት ወንበሮች ፊት ቆመው ተቀበሏቸው።

«ቤት ለእንግዳ! ግቡ፣ ግቡ፣ ወደዚህ ቁጭ በሉ!» አሉ ወንድምየው።

ሦስቱም በሩን አልፈው አራት እርምጃ ገቡና ቀጥ ብለው ቆሙ። ያልተጠረገው ላይ። መሐሉ ላይ።

«መቀመጡ ይደርሳል» አሉ ባለከዘራው። «መጀመሪያ የመጣንበትን ስሙን።»

«ኧረ ቁጭ ብላችሁ እንነጋገር!»

«ሳትሰሙን አንቀመጥም።»

«ኧረ ተቀመጡ፣ በናታችሁ!» የሚል ድምፅ ከምሰሶው ጀርባ ወጣ። የእኔ ነበር። አምስቱም ዞረው አዩኝ። የእትዬ አስተያየት ሣር ያደርቃል፤ ወለሉን ግን አላደረቀውም።

ጉዳዩ ተጀመረ። «ልጃችሁ ለልጃችን ትሁንልን ብለን መጥተናል» አሉ ትልቁ። ይህን ለማለት ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው የፈጀባቸው። ከዚያ ግን ወንድምየው ጥያቄ ጀመሩ። ልጁ የማን ልጅ ነው? አያቱስ? በእናቱ በኩል ወገኑ ማነው? ሥራው ምንድነው? ይጠጣል? ሽማግሌዎቹ በየተራ ይመልሳሉ። ፀሐይዋ እየጠነከረች ነው። እኔ ቃሉን በአንድ ጆሮዬ ነው የምሰማው፤ የማየው ስድስት እግር ነው። ባለሰንደሉ አንድ ጊዜ ክብደታቸውን ወደ ግራ እግራቸው አዛውረው ወደ ታች አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ባለከዘራው አዩ። በእንዲህ ያለ ሰዓት ስለ ጫማ አይወራ ነገር።

በመጨረሻ ወንድምየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰምተናል። እኛም ዘመድ ማማከር አለብን። የዛሬ አሥራ አምስት ቀን ተመለሱ።»

ይሄ የሚጠበቅ ነው። በመጀመሪያ ቀን «እሺ» የሚል ቤተሰብ ልጁን ያቀለለ ይመስላል። ሽማግሌዎቹም ያውቁታል። እጅ ነስተው ሊወጡ ዞሩ።

ማለት፣ ሊዞሩ አሰቡ።

ድምፁ «ጭርርርቅ» የሚል ነበር። የወፍራሙ ሽማግሌ ጫማ እንደምንም ተላቀቀ። የሰንደሉ ማሰሪያ ተበጠሰ። የትልቁ ሽማግሌ እግር ደግሞ በክብር ተነስቶ በክብር ወደፊት ተራመደ፤ ጫማው ግን ባለበት ቀረ። በነጭ ካልሲ ያለው እግራቸው አየር ላይ ቀረ። ከዘራቸውን ሊመረኮዙ ቢሉ እሱም ተጣብቋል። በአንድ እግራቸው፣ ጋቢያቸውን ወደኋላ እንዳደረጉ፣ በሩን እያዩ ቆመው ቀሩ። ከኋላቸው ሐይቁ ዳር አንድ አባ ኮዳ ልክ እንደዚያው ቆሟል። እንግዶቹን ተከትለው የመጡት አባባ ምግብ ቤቱ በር ላይ ሆነው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያዩ አየኋቸው።

ከወጥ ቤቱ መስኮት የታፈነ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ ወጣ።

«ምንድነው ይሄ?» አሉ የሞጆው ወንድም።

አሁን ማንም ወደ እኔ አያይም ነበር። ዝም ብል አኳራጁን ይዤ በጓሮ መውጣት እችል ነበር። ከምሰሶው ጀርባ ወጣሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ዘይቱን ቀብቼ ትርፉን መጥረግ ነበረብኝ። አልጠረግኩትም። አሠሪዬ ነግረውኝ ነበር፣ የእሳቸው ጥፋት የለበትም። ተልባውም ጥሩ ነው።»

«ለምንድነው ያልጠረግሽው?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ አሁንም በአንድ እግራቸው።

«ዘይት ነዋ፣ አባቴ! እንዴት አድርጌ ልጣለው?»

ትከሻቸው በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እውነቷን ነው» አሉ። «ባለቤቴ ብትሆንም አትጥለውም ነበር። አላጠፋሽም፣ ልጄ። መጥተሽ ጫማዬን አንሺልኝ።»

ወፍራሙ ሽማግሌ ሳቁ፤ ባለሰንደሉ ተከተሉ፤ የሞጆው ወንድም ራሳቸው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ትልቁ ሽማግሌ ጨዋታው እንዳያመልጣቸው ቶሎ አሉ፦ «እንግዲህ እናንተ ሂዱ ብትሉን ወለላችሁ ቆዩ ብሎናል። ለምን ዛሬውኑ አትጨርሱልንም?»

ሁሉም ወደ እትዬ አየ። እትዬ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ስቀው ነበር። ቢሆንም ወገባቸውን ያዙ።

«ወግ ነው፤ አሥራ አምስት ቀን» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም አሥራ አምስት ቀን። በዚህ ወለል ላይ ሰው ቆሞ ከተመለሰ በረንዳዎቹ ያንቺ ናቸው። ካልሆነ ናዝሬትሽ አይራቅሽ።»

ለእጮኛውም ለእኔም አንድ ቀን ተቀጠረልን። ትልቁ ሽማግሌ በአባባ ኮንጎ ጫማ ወደ ነገሌ ተመለሱ። ልጅቷ ወጥ ቤት ስገባ የአኳራጅ ጨርቅ ወረወረችብኝ። «ትንሽ ብታለቅሺ ኖሮ እኮ እናቴ ራርታ ዛሬ ያልቅልኝ ነበር!» አለች።

በአሥራ አምስቱ ቀን ውስጥ ወለሉን ከዜሮ ጀመርኩት። አጠብኩ፣ ላግኩ፣ ትንኞቹን በምላጭ ፋቅሁ። ዘይቱን ስስ አድርጌ አንድ ጊዜ ብቻ ቀባሁ። ሻዬን ጠጣሁ። ከዚያ ጠረግኩ። በየሳንቃው ተንበርክኬ፣ ልቤ እየተቆረጠ፣ ጠረግኩ። ሲያልቅ ግን ጨርቁን ጨምቄ ወደ ጣሳው መለስኩት፤ ሁሉን ነገር በአንዴ መለወጥ አይቻልም። ሦስት ቀን አባባ በዱላ አባ ኮዳ ሲያባርሩልኝ ዋሉ። በአራተኛው ቀን ጣታቸውን ወለሉ ላይ አሹና አፍንጫዬ ሥር አመጡት። «ጎጌ» አሉ። ደርቋል።

በቀጠሮው ቀን ሦስቱ ሽማግሌዎች በሰዓታቸው መጡ። ትልቁ የምግብ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ፣ ቡናማ ጫማቸውን አወለቁ፣ በብብታቸው ያዙት። ጫማውን እኔ ነኝ በአኳራጅ አጽድቼ ወደ ነገሌ የላክሁላቸው፤ ሲያልፉ በዓይናቸው ጠቀሱኝ። በነጭ ካልሲያቸው አራት እርምጃ ገቡና ልክ በዚያው ቦታ ቆሙ።

«አሁንስ ተቀመጡ» አሉ የሞጆው ወንድም።

«መጀመሪያ መልሳችሁን።»

«ልጃችንን ሰጥተናል።»

ሽማግሌዎቹ መረቁ። እትዬ አሜን ይላሉ፣ ዓይናቸው ግን ካልሲው ላይ ነበር። ትልቁ ሽማግሌ ምርቃቱን ሲጨርሱ በከዘራቸው ተደግፈው እግራቸውን አነሱና የካልሲያቸውን ሥር ለእትዬ አሳዩአቸው። ነጭ ነበር።

ከወጥ ቤቱ እልልታ ወጣ። ሰው ሁሉ ወደ ወንበሮቹ ሲሄድ እትዬ ምሰሶው ጋ መጡ።

«ከማክሰኞ ጀምሮ የመጀመሪያውን ቤት በረንዳ ትጀምሪያለሽ» አሉኝ። «አፍሽን ግን ናዝሬት ትተሽው ነይ።»

«እሱን ትቼ ከመጣሁ ለአሥራ ሁለት በረንዳ ማን ይከራከርልኛል?»

«እም» አሉ።

ብሩሾቼን በጋዜጣ ጠቀለልኩ። ባዶውን ጣሳ ባልዲው ውስጥ ከተትኩ። አባባ በሩን ከፈቱልኝና «ነጋቲ፣ ኢንተላ» ብለው ተሰናበቱኝ። «ነጋቲ፣ አባባ» ብያቸው አስፋልቱ ዳር ወጣሁ። «ናዝሬት፣ ናዝሬት፣ አንድ ሰው!» የሚል ሚኒባስ ቆመልኝ። ባልዲዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ፤ ረዳቱ በሩን ስቦ ዘጋው።